ምርቃና ምርመራ አይደለም፦ የትኩረት ጉድለት በአዋቂነት ዘመን

ጥያቄ፦ «32 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደሴ ሲሆን ኮምቦልቻ በአንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ገቢና ወጪ መዝጋቢ ነኝ። ከ3ኛ ወይም ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ደብተርና እርሳስ እየረሳሁ ስገረፍ ነው ያደግሁት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በ3ኛው ዓመት አቋረጥኩ። አሁንም ዕቃ ቆጥሬ ሳልመዘግብ ሌላ ሥራ እጀምራለሁ፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ጉድለት ከደመወዜ ተቆርጧል። በሞተር ሳይክል ስመላለስ ሐረጎ ላይ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተርፌያለሁ። የተበላሸ ስልክ ከከፈትኩ ግን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሳልነሣ እሠራለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ይህን እያየ ስንፍና ነው ይለኛል። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጸበል ወስዳኛለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽተን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፌም ተበላሽቷል። ሐሳቤ የሚሰበሰበው ጫት ስቅም ብቻ ነው፤ ከሥራ ስወጣ በየቀኑ ማለት ይቻላል እቅማለሁ። በስልኬ ያየሁት ቪዲዮ አነቃቂ ነገር የሚያረጋጋው ሰው ኤዲኤችዲ አለበት ይላል። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ የራሷን ክኒን ልላክልህ ብላኛለች። ልቀበላት? ወይስ በጫቱ ልቀጥል? ለመሆኑ ይህ የልጆች በሽታ አይደለም?»

ክኒኑን አይቀበሉ። በጫቱም አይቀጥሉ። ኤዲኤችዲ በእኛ ቋንቋ የትኩረት ጉድለት የምንለው ችግር ነው፤ በእርስዎ ላይ ሊኖር ይችላል። እንድጠረጥር ያደረገኝ ግን ጫቱ አይደለም፤ የ4ኛ ክፍል ደብተርዎ ነው።

ከጫቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር በጣም ይቀራረባል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖኑ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን እየተለወጠ ይሄዳል፤ በኮባ ተጠቅልሎና ረጥቦ ለገበያ የሚቀርበው፣ ገዢውም «የዛሬ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ትኩረትን ለጥቂት ሰዓት ማሰባሰቡ እውነት ነው። ነገር ግን የሚያሰባስበው የትኩረት ጉድለት ላለበት ሰው ብቻ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ምንም የትኩረት ችግር ለሌለባቸው ወንድ ልጆች አምፌታሚን ተሰጥቷቸው በተደረገ ጥናት፣ ጤነኞቹም ልጆች እርጋታቸውና ትኩረታቸው ጨምሮ ታይቷል። ስለዚህ «አነቃቂ ካረጋጋህ በሽታው አለብህ» የሚለው ቪዲዮ ስሕተት ነው። ምርቃና የሚነግርዎት ካቲኖን መሥራቱን ብቻ ነው።

ጫቱ የሚያስከፍለውን ደግሞ በራስዎ ቀን ላይ ይዩት። ከሥራ ወጥተው ይቅማሉ፤ ምርቃናው ከፍ ሲል ስልኩን ይከፍታሉ፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ጠዋት ዓይንዎ ሳይገለጥ ሞተር ላይ ይወጣሉ። ሦስት ሰዓት ብቻ የተኛ ጤነኛ ሰውም ቢሆን ቆጥሮ መመዝገብ ይረሳል። በመጋዘኑ የጠፋብዎት ትኩረት ምን ያህሉ አብሮዎት የተወለደ፣ ምን ያህሉ የማታው ዕዳ እንደሆነ ዛሬ እርስዎም እኔም መለየት አንችልም። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትንም ይጨምራል፤ ሲወርድ ደግሞ ድብርትና ብስጭት ጥሎ ይሄዳል። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎት አይደለም። ወደ ሕክምና ክፍሌ ከሚመጡ አዋቂዎች ብዙዎቹ ጫትን የጀመሩት ለጨዋታ ሳይሆን አንድ ነገር ጀምሮ የመጨረስን ደስታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስላገኙበት ነው። ያንን ፍለጋ እረዳዋለሁ። የተሳሳተው መድኃኒቱ ነው እንጂ ፍለጋው አይደለም።

የልጆች በሽታ ነው ወይ? የሚጀምረው በልጅነት ነው፤ በልጅነት የሚያበቃው ግን በከፊሉ ሰው ላይ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል ጠባዩን በ1902 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች በሰጣቸው ትምህርቶች ገልጾት ነበር፤ ስለዚህ የስልክ ዘመን ፈጠራም አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ልጁ ሲጎረምስ ይተወዋል ብለው ያምኑ ነበር። ያታለላቸው መልኩን መለወጡ ነው። ወንበር ላይ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ሲያድግ ይቀመጣል፤ ውስጡ ግን አይቀመጥም። ሩጫው ወደ ሐሳብ ይዞራል፤ ሰው ሳይጨርስ ንግግር መቁረጥ፣ ሥራ ቶሎ መልቀቅ፣ ገንዘብ ሳያስቡ ማውጣት፣ ቀጠሮ ማሳለፍ ይሆናል። ዛሬ ከ100 አዋቂዎች በ2 ወይም በ3 ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። በአዋቂነት ዘመን የሚጀምር የትኩረት ችግር ግን፣ በልጅነት ምንም ምልክት ካልነበረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስም ያለው ችግር ነው።

ወንድምዎ «ስንፍና ነው» ያለው ስልክ ሲጠግኑ ስላየዎት ነው፤ «ሲፈልግ ይችላል» ማለቱ ነው። የብዙ ቤተሰብ ፍርድ ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም ይህን ፍርድ አምኖ ራሱን ሲጠላ ይኖራል። የትኩረት ጉድለት የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል፤ ትኩረቱ አለ፣ የጎደለው መሪው ነው። አዲስ ነገር፣ አጣዳፊ ነገር፣ ውጤቱ ወዲያው የሚታይ ነገር ሲያገኝ አእምሮው ይጣበቃል፤ ተደጋጋሚና ዋጋው የሚታየው በወር መጨረሻ የሆነ ነገር ሲመጣ አይያዝም። የተከፈተ ስልክ በየደቂቃው መልስ ይሰጣል፤ የገቢና ወጪ መዝገብ አይሰጥም። እርስዎ መመዝገብ እንዳለብዎት አጥተውት አያውቁም። ያቃትዎት ያወቁትን በሰዓቱ ማድረግ ነው። በመሆኑም ምክርና ቁጣ ብቻውን አይፈውሰውም፤ ምክር የሚጨምረው እውቀት ነውና።

መንስኤው በአብዛኛው ዘር ነው። መንትዮችን ያነጻጸሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ከውርስ ጋር ያያይዙታል፤ ከአባትዎ ወይም ከአጎቶችዎ መካከል እንደ እርስዎ «ቀልብ የለሽ» ሲባል የኖረ ሰው ካለ አልደነቅም። ያለ ጊዜው መወለድ፣ ሲወለዱ ክብደት ማነስና የጭንቅላት ጉዳትም ድርሻ አላቸው። ትኩረትንና ራስን መግታትን የሚመሩት የአንጎል ክፍሎች ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን በሚባሉ መልእክተኞች ይሠራሉ፤ ችግሩም መድኃኒቶቹም የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው። አስተዳደግ አያመጣውም፤ ያባብሰዋል ወይም ያቀልለዋል እንጂ። እናትዎ ዓይነ ጥላ ማለታቸው አይገርምም፤ የጀመረው ሁሉ ጫፍ ሳይደርስ የሚሰናከልበትን ልጅ ያየች እናት በአገራችን ለዚያ ያላት ስም ይህ ነው። ጸበሉ ካጽናናዎት ይቀጥሉ። እኔ የምለምነው ሕክምናውን እንዳያስቀር ብቻ ነው፤ አንዱን ለመጀመር ሌላውን መተው አያስፈልግም።

አሁን ወደ ከባዱ ልለፍ። እርስዎ የጻፉት ታሪክ አንድ ብቻ ሳይሆን ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ችግር በላዩ ላይ የተደራረበ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ያለፉበትን የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስደነግጠው፣ ሌሊት የሚባንን፣ ያየውን ላለማስታወስ የሚሸሽ ሰው ትኩረቱ ይበታተናል፤ ይህ የአደጋ ጠባሳ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። እንዲያውም አነቃቂ ክኒን ለእንዲህ ያለ ሰው ሥጋቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ሊያብስበት ይችላል። ድብርትም ትኩረት ይነሣል፤ ምልክቱ ግን ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር መደብዘዙ ነው። አንዳንዴ ለቀናት ሳይተኙ ጉልበት የሚሞላበት፣ ንግግር የሚፈጥንበት፣ ከዚያ የሚወድቁበት ዑደት ካለ ባይፖላር የሚባለውን መመርመር ግድ ነው፤ ለእርሱ አነቃቂ መስጠት አደገኛ ነው። የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የደም ማነስ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ሳይታወቅ የኖረ የሚጥል በሽታም እንዲሁ ትኩረትን ይሰርቃሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በቀላል የደም ምርመራ ይታያሉ፤ ሳይታዩ ወደ ኤዲኤችዲ መዝለል ትልቅ ጥፋት ነው።

ራሱን ኤዲኤችዲን ግን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ የጭንቅላት ምስልም አያሳየውም። «ራጅ ልነሣ» ብለው ገንዘብዎን አያባክኑ። ምርመራው ጥንቃቄ ያለው ጭውውት ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየታቸውን፣ አሁን ቢያንስ ለ6 ወር መቆየታቸውን፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ማለትም በሥራም በቤትም መኖራቸውን፣ ኑሮንም በግልጽ መጉዳታቸውን ነው። ለአዋቂ ከትኩረት ማጣት ወይም ከመቅበጥበጥና ከችኩልነት ወገን ቢያንስ 5 ምልክት ያስፈልጋል፤ ለልጅ 6 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያሳተመው ባለ 6 ጥያቄ አጭር መጠይቅም አለ፤ ወንፊት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ከመጠይቁ ሁሉ የሚበልጥብኝ ልጅነትዎን የሚያውቅ ምስክር ነው። እናትዎ አሉ። የአንደኛ ደረጃ ሪፖርት ካርድዎ ከተገኘ ከውጤቱ ይልቅ የክፍል መምህሩ ከታች የጻፉትን አስተያየት አነበዋለሁ።

ምርመራው ከተረጋገጠ መድኃኒት አለ፤ ጠቃሚም ነው። ሜቲልፌኒዴት የሚባለው ከተዋጠ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጀምራል፤ አጭሩ ዓይነት 3 ወይም 4 ሰዓት ይቆያል፤ ረዘም ብለው የሚሠሩም አሉ። የአምፌታሚን ወገን የሆኑት በአንዳንድ አገሮች ለአዋቂዎች በቀዳሚነት ይታዘዛሉ። አቶሞክሴቲን አነቃቂ አይደለም፤ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ለሱስ ስለማይዳርግ የጫት ታሪክ ላለው ሰው አስቀድሜ የማስበው እርሱን ነው። ሁሉም ዋጋ ያስከፍላሉ፦ አነቃቂዎቹ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይቀንሳሉ፣ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራሉ፤ አቶሞክሴቲን ማቅለሽለሽና የአፍ መድረቅ ያመጣል፣ በወጣቶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይነሣ ክትትል ይፈልጋል፣ አልፎ አልፎም ጉበት ይነካል። መድኃኒቱ የሚሠራው በሚወሰድበት ዘመን ነው፤ ችግሩን ነቅሎ አይጥልም።

አቅርቦቱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት። እነዚህ መድኃኒቶች በአገራችን በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኙ አይደሉም። ሜቲልፌኒዴት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ በ2019 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ጥያቄ ቀርቦ፣ ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ ሳይገባ ቀርቷል። ሐኪምዎ ቡፕሮፒዮንን ወይም ኢሚፕራሚንን የመሰለ የቆየ የድብርት መድኃኒት ሊያስብ ይችላል፤ ኃይላቸው ያነሰ ነው፤ ኢሚፕራሚን ደግሞ ከመጠን ካለፈ ልብን ስለሚያውክ በእጅዎ ብዙ አይሰጥዎትም። ይህ ችግር የአክስትዎን ልጅ ክኒን ትክክል አያደርገውም። የእርሷ መጠን ለእርሷ ልብና ለእርሷ ግፊት የተለካ ነው። ሜቲልፌኒዴትና አምፌታሚን በ1971 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር የተደረገባቸው ናቸው፤ በሻንጣ ሲላኩ ላኪዋም ተቀባዩም በሕግ ሊጠየቁ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን እርስዎ በየቀኑ የሚቅም ሰው ነዎት። አነቃቂ ክኒን ላይ ጫት መጨመር በአንድ ልብ ላይ ሁለት አለንጋ ማሳረፍ ነው፤ ከግፊትና ከልብ ምት መዛባት አልፎ ድምፅ ወደ መስማትና ሰው ያሳድደኛል ወደ ማለት ሊያደርስ ይችላል። ይህን ማስፈራሪያ አድርገው አይውሰዱት።

መድኃኒት እስኪገኝ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ለአዋቂዎች የተዘጋጀ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና አለ፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለ10 ወይም ለ12 ሳምንት የሚሰጥ ነው። ዋናው ሐሳቡ በጭንቅላት ውስጥ የማይቆየውን ከጭንቅላት ውጭ ማስቀመጥ ነው። እርስዎ ነገ መጋዘን ውስጥ ሊጀምሩት ይችላሉ። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ከሆነና ዕቃው በር ላይ ከተቆጠረ በመካከሉ ያሉት 20 እርምጃዎች ቁጥሩን ይበሉታል፤ ስለዚህ መዝገቡን ወደ በሩ ያምጡት። መቶ ካርቶን ቆጥሮ ከመጻፍ ሃያ ሃያውን ቆጥሮ እያንዳንዱን መጻፍ። ብዕሩ ሳይቀመጥ ለሌላ ሥራ የሚጠራዎት ሰው ካለ «ይህን መስመር ልጨርስ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይለማመዱ፤ ሁልጊዜ ያቺኑ። አለቃዎ በቃል የሚሰጡዎትን ትእዛዝ እፊታቸው በአንድ የኪስ ደብተር ይጻፉ፤ አንድ ደብተር ብቻ፤ ሦስት ደብተር ያለው ሰው ሦስቱንም ያጣል።

ለጊዜም እንዲሁ። የትኩረት ጉድለት ላለበት ሰው ጊዜ «አሁን» እና «አሁን ያልሆነ» ብቻ ነው። ስልክዎ ላይ ሁለት ደወል ያድርጉ፤ አንዱ መነሻ ሳይሆን መዘጋጃ ይሁን። የሚጠግኑትን ስልክም ከማታው 3 ሰዓት በኋላ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ለእናትዎ ይስጡ፤ ራስዎን መግታት የሚያቅትዎት ከጀመሩ በኋላ ነው እንጂ ከመጀመርዎ በፊት አይደለም። ለገንዘብ ከእቁብ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ባንክ ያለ ገንዘብ ዝም ይላል፤ እቁብ ግን ቀን አለው፣ ዳኛ አለው፣ የሚጠብቅዎት ፊት አለው፤ ለእርስዎ ዓይነት አእምሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሰልቺ ሥራ ላይ ሰው አጠገብዎ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ባይረዳዎትም እንኳ። የወሎ ገበሬ ለብቻው ሲያጭድ የሚከብደውን በደቦ የሚወጣው በጉልበት ብዛት ብቻ አይደለም፤ አብሮ የሚያጭድ ሰው ልብን ስለሚይዝ ጭምር ነው። ጠዋት ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ፈጠን ብሎ ሠላሳ ደቂቃ ሽቅብ መራመድም ትኩረትን ለጥቂት ሰዓት ያግዛል፤ ውጤቱ መጠነኛ ነው፣ ግን ዋጋ አይጠይቅም። ቡናውን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይተዉት። አቦል ቶናውን አልከለከልኩም፤ ሰዓቱን ነው።

ሞተር ሳይክሉን ለጊዜው ያቁሙ። ይህንን በልመና ሳይሆን በጥብቅ ነው የምለው። የትኩረት ጉድለት ያለበት ሰው በመንገድ ላይ የሚደርስበት አደጋ ከሌላው እንደሚበዛ የታወቀ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበትና መንገዱ ሐረጎ ሲሆን፣ ጭጋግ ሲወርድ፣ የጭነት መኪና በጠመዝማዛው ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜ ለጥቂት መትረፍዎን ማንም ዋስ ሊሆንልዎት አይችልም። በሚኒባስ ይመላለሱ።

እንግዲህ የማዝዝዎት ይህ ነው። ዛሬ ለአክስትዎ ልጅ «አትላኪ» ብለው ይደውሉ። በዚህ ሳምንት በደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቀጠሮ ይያዙ፤ ጫቱን እስክተው ብለው አያቆዩት። ጫቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሱ ያቁሙ፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ወር ያለ ጫት ይቆዩ፤ ለሐኪሙ ግልጽ መልክ የሚሰጠው ያ ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው፦ ድካም፣ ሐራራ፣ የከፋ ሕልም፣ ሰዎች ዱካክ የሚሉት፣ ይመጣል፣ ያልፋል። ምርቃናውን ለመስበር በየማታው አልኮል የሚጠጡ ከሆነ ግን መጠጡን በራስዎ ድንገት አያቁሙ፤ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። በዚህ መካከል ሕይወት አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰሙ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለቀጠሮው የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት በየቀኑ በኪስ ደብተርዎ መዝግበው ይምጡ፤ አንድ መስመር ይበቃል። ስለ 2014ቱም ያለፈውን ሳይሸሽጉ ይንገሩ። ወንድምዎ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ እናትዎ ግን የግድ ያስፈልጋሉ፤ ካርዶቹን ካስቀመጡበት ሣጥን አውጥተው ይዘው ይምጡ።